አርባ ፉርጎ

ፈጣኑ የመንገደኞች ባቡር ሥራ ከጀመረ አምስት ሳምንቱ ነው። በእነዚህ አምስት ሳምንታት በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ግራ ሳይጋባ የቀረ ነገር ቢኖር ግድግዳው ብቻ ነው። የጭነት ባቡሮች እያቃሰቱ ሲጎተቱበት በኖሩት፣ አንድ ለእናቱ በሆነ አሮጌ ሐዲድ ላይ በሰዓት መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር የሚምዘገዘግ ነገር ለቀቁበትና «በሉ እንግዲህ ተቻቻሉ» አሏቸው። ማን እንዳለ አይታወቅም። ደብዳቤው ላይ ፊርማ እንጂ ሰው አልነበረም።

የጭነት ሾፌሮቹ ፈጣኑን ባቡር «ሙሽሪት» ይሏታል። መጣች ሲባል ሁሉም መንገድ ለቆ ዳር ይቆምላታል፤ ካለፈች በኋላ የሚተርፋቸው አቧራዋ ነው። መመሪያው በአንደኛው ገጽ «ፈጣኑ ባቡር በማንኛውም ሁኔታ ይቅደም» ይላል። በሁለተኛው ገጽ ደግሞ «የጭነት ባቡር ከሃያ ደቂቃ በላይ ዳር አይቁም» ይላል። ሙሽሪት ራሷ ሃያ አምስት ደቂቃ ብትዘገይስ? ይህን የጠየቀ ሁሉ «መመሪያውን አንብብ» ተብሎ ይመለሳል።

የመስመር ተቆጣጣሪዋ እዚያ ወንበር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ክፍሉ መስኮት የለውም። ፊት ለፊቷ ግድግዳውን የሞላ ሰሌዳ አለ፤ ሐዲዱ ሰሌዳው ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ተዘርግቷል፤ ባቡር ያለበት ቦታ ቀይ፣ የሌለበት አረንጓዴ ይበራል። ሥራዋ የጭነት ባቡሮቹን ወደ ማለፊያ ማስገባት ነው። ማለፊያ የሚሉት ከዋናው ሐዲድ ተነጥሎ ጎን ለጎን ጥቂት ከሄደ በኋላ ተመልሶ የሚገጥመውን አጭር ሐዲድ ነው። ጭነቱን እዚያ ታስገባለች፣ ሙሽሪትን በዋናው ታሳልፋለች፣ ከዚያ ጭነቱን «ውጣ» ትለዋለች። በአፍ ሲነገር ምንም አይደለም። አንዱን ማለፊያ እንኳ በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ እሷ የምታውቀው በግድግዳው ላይ ያለውን መስመር ነው።

የሃያ ሰባት ቁጥር የጭነት ባቡር ሾፌር ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ የስድስት ዓመት ልጅ፣ እሱ ደግሞ ጺሙ ገና ያቀመቀመ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበር። ያሳደጋት እሱ ነው። ጫማ ሲገዛላት ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ያስበልጥ ነበር፤ «ታድጊበታለሽ» እያለ። እሷም ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቃ እየተንሸዋፈፈች ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እዚህ መሥሪያ ቤት ያስገባትም እሱ ነው። ቤት ውስጥ «ጋሼ» ትለዋለች፤ ሬዲዮ ላይ ግን «ሃያ ሰባት» ነው፣ እሷም «መቆጣጠሪያ» ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም።

አሁን ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ቀርቶታል። ችግሩ አዲሱ ደንብ ነው። ሙሽሪትን ሦስት ጊዜ ያዘገየ የጭነት ሾፌር፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከመስመር ወርዶ ወደ ግቢ ይዛወራል። ግቢ ማለት ፉርጎ ሦስት መቶ ሜትር ወደ ፊት መግፋት፣ ሦስት መቶ ሜትር ወደ ኋላ መጎተት ነው። ወንድሟ ሁለቱን ጨርሷል። አንዱ መንኮራኩር ግሎበት የቆመ ዕለት፣ ሌላው በዝናብ ዳገት ላይ እየተንሸራተተ የቀረ ዕለት የተጻፈበት ነው። «ግቢ ገብቼ እንደ ሞግዚት ፉርጎ ሳባብል ከምታዪኝ ብትቀብሪኝ ይሻላል» ብሏታል። ሲቀልድ እንዳልሆነ ታውቃለች። ሠላሳ አራት ዓመት የነዳበትን መስመር በገዛ እግሩ ወርዶ ሊሰናበተው ነበር የሚፈልገው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ከመነሻ ጣቢያው ደውሎላት ነበር። «ዛሬ አዲሶቹን ፉርጎዎች ለብቻቸው ሰካክተው ሰጡኝ» አላት። «እስካሁን ከአሮጌዎቹ ጋር አንድ ሁለት እያሉ ነበር የሚቀላቅሏቸው። ዛሬ አርባውም አዲስ። ምንም አይንኳኳም፤ ከኋላዬ ሰው ያለ አይመስለኝም።»

«ታዲያ ምን ልትሆን? እንቅልፍ እንዳይወስድህ» አለችው፤ ሳቀና ዘጋ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲል ሃያ ሰባት ሦስተኛው ማለፊያ ደረሰ። ከኋላው ሙሽሪት ትመጣለች።

«ሃያ ሰባት፣ ሦስተኛው ማለፊያ ግባና ቁም። ፈጣኑ ከኋላህ አሥራ ስምንት ደቂቃ ላይ ነው።»

«ሰማሁ። አርባ ነኝ።»

«አርባ፣ ተቀብያለሁ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በዚህ መስመር ላይ ርዝመት በሜትር አይነገርም፤ በፉርጎ ነው የሚነገረው። አንደኛው ማለፊያ ሠላሳ ሁለት ይይዛል፣ ሁለተኛው ሃያ ስምንት፣ ሦስተኛው አርባ። ሦስተኛው ማለፊያ መግቢያ ላይ በቆመች ቆርቆሮ ላይ «40» ተብሎ በነጭ ቀለም ተጽፏል። ማን እንደጻፈው የሚያስታውስ የለም። የባቡር ሰዎቹ ይህ ልማድ ደማቸው ውስጥ ከመግባቱ የተነሳ ቤታቸው አጥር ሲያሳጥሩ እንኳ «አንድ ፉርጎ ተኩል ይሆናል» ብለው ግንበኛውን ግራ ያጋባሉ።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የወንድሟ ድምፅ መጣ። «ሃያ ሰባት ነኝ። ገብቼ ቆሜያለሁ። አፍንጫዬ መውጫው መብራት ሥር ነው።»

እሷም መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጻፈችና ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች። ከማለፊያው መግቢያ አጠገብ ያለው የዋናው ሐዲድ ቁራጭ ቀይ ነው።

ጠበቀች። አሁንም ቀይ ነው።

ይህቺን መብራት የምታበራው ሐዲዱ ላይ የተገጠመች መንኮራኩር ቆጣሪ ናት። የገባውን ትቆጥራለች፣ የወጣውን ትቆጥራለች፣ ልዩነት ካገኘች ቀይ ታበራለች። ከሙሽሪት ጋር አብራ የመጣች አዲስ ዕቃ ናት፤ ስሟም በክፍሉ ውስጥ «ውሸታሟ» ነው። በዚያ ሳምንት ብቻ አራት ጊዜ ባዶ ሐዲድ ላይ ቀይ አብርታ አስደንግጣቸዋለች። መካኒኩ በመጣ ቁጥር አቧራዋን ጠረግ አድርጎ «እንዲህ ስትሆን ማጽጃውን ተጫኑት» ብሎ ይሄዳል።

«ጀመራት ደግሞ» አለ በጎኗ የሚሠራው ባለመነጽሩ። «ትናንት እኔን እንዲሁ ስታደርገኝ ነበር። አጽጂያት።»

ማጽጃው በመስተዋት ክዳን ሥር ያለች ትንሽ ቢጫ ቁልፍ ናት። እሷ ከተጫነች ሰሌዳው የቆጠረውን ሁሉ ይረሳል፣ ቀዩ ይጠፋል፣ መብራቶቹ እስከ ሦስተኛው ማለፊያ ድረስ አረንጓዴ ይሆናሉ፣ ሙሽሪትም ፍጥነቷን ሳትቀንስ ታልፋለች። ለመጫን ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ሾፌሩ ገብቻለሁ ማለት አለበት፣ የፉርጎው ቁጥርም ማለፊያው ከሚይዘው መብለጥ የለበትም። ሁለቱም ተሟልቷል። መዝገቡ ላይ በገዛ እጇ ጽፋዋለች።

አርባ ፉርጎ፣ አርባ የሚይዝ ማለፊያ። አርባ ከአርባ ሲቀነስ የሚተርፍ የለም። መብራቷ ግን የተረፈ አለ ትላለች።

«ሃያ ሰባት፣ ጅራትህ ገብቷል?»

«ጅራቴ ከእኔው ጋር ነው የሚመጣው፣ የት ይቀራል?»

ክፍሉ ውስጥ አንዱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ይታይሃል?» ብላ ጠየቀች።

«ኩርባው ላይ ነው፣ ዛፎቹ ጋርደውኛል። ግን አርባ ነኝ፣ አፍንጫዬ ጥግ ደርሷል። ምን ሆነሻል ዛሬ?»

ስልኩ ጮኸ። አለቃው ነው። «ምንድነው የምትጠብቂው? ሙሽሪት ሰባት ደቂቃ ነው የቀራት። ከቆመች ደቂቃው በማን እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«በወንድምሽ ነው።»

«አውቃለሁ አልኩ እኮ!» አለችና ስልኩን ዘጋችው። አለቃ ላይ ስልክ ዘግታ አታውቅም።

የመስተዋቱን ክዳን ከፈተችው። ጣቷን ቢጫዋ ቁልፍ ላይ አሳረፈች። ነገሩ ሁሉ ዞረባት። ወንድሟ በሕይወቱ ዋሽቷት አያውቅም፤ ይህቺ መብራት ደግሞ በሳምንት አራቴ ትዋሻለች። ይህን ለመምረጥ ምን ያስቸግራል? ግን አንድ ነገር ሆዷን ይበላት ነበር። ውሸታሟ በምትዋሽባቸው ቀናት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ትጠፋለች፣ ተመልሳ ትመጣለች። ዛሬ ግን አፍጥጣ ቀረች። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

ይህ ምክንያት ነው? ማን ዘንድ ቀርቦ ያስኬዳል? የትኛውስ ቅጽ ላይ ይጻፋል? እሷም አታውቅም። ክዳኑን መልሳ ዘጋችው።

«ሃያ ሰባት፣ ውረድና ጅራትህን በዓይንህ አይተህ ንገረኝ።»

ሬዲዮው ጠቅ ብሎ ተከፈተና ተዘጋ፤ ደግሞ ተከፈተ።

«አንቺ» አለ በመጨረሻ። ሬዲዮ ላይ «አንቺ» አይባልም። «ገብቻለሁ ብዬሻለሁ እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሽ ነው?»

«ሰምቼ ነው። ጋሼ፣ ውረድ።»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞር ብለው አዩዋት። ወንድሟ «እሺ» አለ፤ ደረቅ «እሺ»። በሩ ሲከፈት፣ ቀጥሎም ጫማው ጠጠሩ ላይ ሲያርፍ በሬዲዮው ተሰማ። ቀኝ ጉልበቱ ከታመመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ደረጃ ሲወርድ እንኳ ግድግዳ ይዞ ነው። እሷ ደግሞ ስድስት መቶ ሜትር ጠጠር ላይ ላከችው። ለዚያውም ያለውን ላለማመን።

ሙሽሪት ቢጫ መብራት አየች፣ ቀነሰች፣ ቀይ ስታይ ቆመች። ሾፌሯ ጨዋ ሰው ነው። «መቆጣጠሪያ፣ መንገደኞቼን ምን ልበላቸው?» አለ።

«ይቅርታ ይበሏቸው።»

«ምክንያቱን ቢጠይቁኝስ?»

«እኔም እየጠየቅሁ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሰሌዳው ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር። እሷ ምን ብላ እንደምትመኝ ግራ ገባት። ጅራቱ ገብቶ ከሆነ የወንድሟን የመጨረሻ ስምንት ወር በገዛ እጇ ለአንዲት አምፖል ብላ ቀማችው ማለት ነው። አልገባም ከሆነ ደግሞ... ያንን ማሰብ ትጀምርና ትተወዋለች። «ገብቶ ይሁን» ትልና ወዲያው «አይ፣ አይግባ» ትላለች። ደግሞ ራሷን ትቆጣለች፦ ምን ዓይነት እህት ናት የገዛ ወንድሟ ተሳስቶ እንዲገኝ የምትመኝ?

ሬዲዮው ተንጫጫ። የሚያለከልክ ሰው ትንፋሽ ተሰማ።

«ሚጢጢ» አለ ወንድሟ። በልጅነቷ ነው እንዲህ ይላት የነበረው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰባቱም ሰዎች ሰሙ፣ አንድም የሳቀ የለም። «ሁለቱ ውጭ ናቸው። ሁለቱና የሦስተኛው ግማሽ። ዋናው ሐዲድ ላይ ተጋድመዋል።»

የመስመር ተቆጣጣሪዋ ክው አለች። እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጭኖቿ መሃል ደበቀችው፤ ጣቷ የሰው ጣት መሰላት።

«ስመጣ ቆጠርኳቸው እኮ» አለ፤ ድምፁ የተቀማ ሰው ድምፅ ነበር። «አርባ ናቸው። አርባ ናቸው፣ ሚጢጢ። እንዴት ነው ነገሩ?»

ማንም አልገባውም። ባለመነጽሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው። «ማለፊያው አጠረ እንዴ?» አለ፤ ሲቀልድም አልነበረም። እሷ ግን የጠዋቱ ስልክ ትዝ አላት። አርባውም አዲስ።

«ጋሼ፣ አሮጌው ፉርጎ በእርምጃህ ስንት ነው?»

«አሥራ ስምንት። ሠላሳ አራት ዓመት አሥራ ስምንት ነው።»

«አዲሱን እስቲ ርገጠው።»

ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ሰሙ። አብረውት ቆጠሩ። አሥራ ስምንት ሲደርስ አልቆመም።

«አሥራ ዘጠኝ ተኩል» አለ።

አንዱ ፉርጎ ከአሮጌው የሚበልጠው በአንድ እርምጃ ተኩል ነው። በአርባ ሲባዛ ስድሳ እርምጃ ነው፤ ማለፊያው የነበረችው ትንሽ ትርፍ ብትቀነስለትም ሁለት ፉርጎ ተኩል ውጭ ያድራል። አዲሶቹን ፉርጎዎች የገዛው ክፍል በሜትር ገዛቸው፣ መስመሩ በቁጥር ተቀበላቸው፣ ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም።

ጭነቱ ሰፊ ግቢ ወዳለበት ወደ ቀጣዩ ጣቢያ እየተጎተተ ሄደ፤ ሙሽሪትም ከኋላው እንደ አዛውንት ቀስ እያለች ተከተለችው። ሃምሳ አንድ ደቂቃ ዘገየች። ከአራት መቶ መንገደኞቿ አንዱ በአስተያየት መዝገቡ ላይ «ያለ አንዳች ምክንያት ሜዳ ላይ አቁመውን ዋሉ» ብሎ ጻፈ። እግዜር ይስጠው።

በማግሥቱ አለቃው ሁለት ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሁለቱን ጠራቸው። በአንዱ ላይ «አርባ ይይዛል ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሾፌሩ ጥፋት የለበትም» ይላል። በሌላው ላይ «ሳላይ ገብቻለሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተቆጣጣሪዋ ጥፋት የለባትም» ይላል።

አለቃው አንዱን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ሌላውን አነሳ። «አሥራ አምስት ዓመት አለቃ ስሆን ሰው ሁሉ ‹እኔ አይደለሁም› ሲለኝ ነው የኖርኩት» አለ። «ለእሱ መላ አለኝ። ‹እኔ ነኝ› የሚሉ ሁለት ሰዎች ሲመጡብኝ ምን ላድርግ? ቅጹ ላይ ያለው የአንድ ሰው ቦታ ነው።»

«የእኔን ጻፉ» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

«ዝም በሉ እስቲ!» ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ለመሆኑ ሦስተኛው ማለፊያ ስንት ሜትር ነው?»

ወንድምና እህት ተያዩ። አለቃው በሩን ከፍቶ ወደ ክፍሉ ጮኸ፤ ባለመነጽሩም፣ መካኒኩም፣ መዝገብ ቤቷም ዝም አሉ። ሁሉም አርባ መሆኑን ያውቃል።

ደብዳቤው በሳምንቱ መጣ። ኮምፒውተሩ ሦስተኛዋን መዘግየት ራሱ ቆጥሮ አሳልፏል፤ ሊያስቀር የቻለ የለም። ወንድሟ ወደ ግቢ ተዛወረ። ስላልደረሰው አደጋ አንድ ቃል የለም፤ ላልደረሰ አደጋ ቅጽ አልተዘጋጀለትም። እሷ ደብዳቤውን አንብባ መጸዳጃ ቤት ገባችና ውኃውን ከፍታ አለቀሰች። ደግ እንዳደረገች ታውቃለች፤ ደግ ያደረገ ሰው እንዲህ ሊሰማው የሚገባ ግን አልመሰላትም።

ወደ ግቢ ከመግባቱ በፊት አንድ ሥራ ይዞ ሦስተኛው ማለፊያ ወረደ። ማለፊያውን የመለካት ሥራ ነው፤ ራሱ ለምኖ የወሰደው። ሜትሩን ከወዲያ ጫፍ የሚይዝለት ሰው ሲያስፈልገው እሷ ዕረፍት ወጥታ አብራው ሄደች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መስመር ብቻ የነበረው ነገር ጠጠር፣ ሣር፣ የዘይት ሽታና የዝገት ቀለም ሆኖ ጠበቃት። እንዲህ ይረዝማል ብላ አስባ አታውቅም። ይህን ሁሉ ነው በዚያ ጉልበቱ የሄደው።

መግቢያው ጋ ሲደርሱ የሐዲዱ እንጨት ላይ በኖራ የተሰመረ ምልክት አሳያት። «ጅራቴ እዚህ ነበር» አላት። ዋናው ሐዲድ መሃል ነው።

ከሩቅ ጥሩምባ ተሰማ። እጇን ይዞ ከሐዲዱ አራቃት። ሙሽሪት መጣች ለማለት ጊዜ አልነበረም፤ መጥታ አልፋለች። አየሩ ደረቷን መታት፣ ሻሿን ከራሷ ነጥቆ ሣሩ ላይ ጣለው፣ ጠጠሩ ከእግሯ ሥር ተርገፈገፈ። መስኮቶቹ አንድ ነጭ ክር ሆነው ታዩዋት። የኖራው ምልክት ላይ የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልቆየችም።

ጠጠሩ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ክዳኑን ከፍቼው ነበር» አለች። ለማንም አልተናገረችውም። «ጣቴን ላዩ ላይ አድርጌው ነበር። ልጫነው ነበር።»

ወንድሟ ሻሿን ከሣሩ ላይ አንስቶ አራገፈላት። ከጎኗ ለመቀመጥ ጉልበቱን ይዞ ትንሽ ታገለ።

«እኔ ብሆን ተጭኜው ነበር» አላት።

ከዚያ ተነሥተው ልኬቱን ጨረሱ፤ ሁለት ጊዜ ደጋግመው ለኩት፣ ሁለቱም ጊዜ አዲሶቹን ሠላሳ ሰባት ይይዛል። እሱ ቆርቆሮዋ ሥር ቆሞ አሮጌውን «40» በጥቁር ቀለም ሸፈነውና ብሩሹን ነጭ ቀለም ውስጥ ነከረ። «36» ብሎ ጻፈ።

«ሠላሳ ሰባት ነው እኮ» አለችው። «ሁለቴ ለክተን?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«ነገ ደግሞ ምን ዓይነት እንደሚያመጡ በምን አውቃለሁ» አለ፤ ብሩሹን በጨርቅ እየጠረገ። «ማለፊያው አንድ ቁጥር ይብለጥ። ያድጉበታል።»